እስፓኙን ለአባቴ ሳነብላቸው

አንድ ስፔናዊ ሰዓሊ አባቴን አሜሪካ ያስቀርልኛል ብዬ ያመንኩበት ዘመን ነበር። ሰውዬው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አባቴንም እኔንም አያውቀንም። እኔ ግን በዚያ የቴክሳስ ሙቀት፣ ወር ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ እንደ ሽማግሌ እየላክሁት ከረምኩ።

አባቴ ከአዲስ አበባ ዳላስ አጠገብ ወዳለችው ሌዊስቪል የመጡት በስድስት ወር ቪዛ ነው። እኔ ያኔ ዜግነት ካገኘሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ወረቀታቸውን ቀይሬ እዚሁ ላስቀራቸው እችላለሁ፤ የሚያስፈልገው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው። ፎርሙን ሞልቼ፣ የሚፈርሙበት ቦታ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፌ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አባቴ ቁርስ ሲቀርብላቸው ፎርሙን ወደ ዳር ገፋ ያደርጉታል፤ በልተው ሲጨርሱ ደግሞ በክብር ወደ ቦታው ይመልሱታል። አልፈርምም አይሉም፤ እፈርማለሁም አይሉም። ስጠይቃቸው መልሳቸው "እስቲ እናያለን" ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው "እስቲ እናያለን" ምን ያህል ሰፊ ቃል እንደሆነ ያውቃል፤ ሰርግም ቀብርም ይገባበታል።

አባቴ ታፔላ ጸሐፊ ናቸው። የሥጋ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት ቆንጆ፣ የመድኃኒት ቤት እባብ፣ የጭነት መኪና ጭራ ላይ "ቀስ ብለህ ሂድ ወዳጄ" የሚለው ሁሉ ከእጃቸው ወጥቷል። እንግሊዝኛ አይናገሩም። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ከፈረንጆቹ አሳምረው ይጽፋሉ፤ ትርጉሙን ሳይሆን ቅርጹን ነው የሚያውቁት። ደንበኛ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያመጣላቸውን ያያሉ፣ ይገለብጣሉ፣ አለቀ። አንድ ጊዜ አንዱ ሆቴል የሚለውን ቃል አንድ ፊደል አጉድሎ ሰጣቸውና ጉድለቱን ሁለት ሜትር አድርገው ጻፉለት። ሰውዬው ሊጣላቸው ሲመጣ ብጣሿን አውጥተው አሳዩት። "እኔ ገልባጭ ነኝ እንጂ አራሚ አይደለሁም" ብለው አሰናበቱት። ይቺን ታሪክ ሲያወሩ እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ሌዊስቪል አፓርትመንት ውስጥ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? ይሰለቻል። እኔ በሳምንት አራት ቀን ፕሌኖ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ መኪና አይነዱም፤ መኪና የማይነዳ ሰው ደግሞ እዚህ አገር እግር እንደሌለው ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ ይቆማሉ፤ ጎረቤት ሁሉ "ሃይ" ብሏቸው ያልፋል።

"ይሄ አገር ደግ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። "ግን አንድም የሚጣላኝ ሰው አጣሁ። ሰፈር ብሆን ይሄኔ ከባለ ጋራዡ ጋር ሁለት ጊዜ ተኳርፌ አንድ ጊዜ ታርቄ ነበር።"

እኔ ሳቅሁ። ብልህ ብሆን ኖሮ አልስቅም ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ዳላስ አንድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የሚኖሩ አሮጊት ቤት ሦስት ሰዓት እሠራለሁ፤ አጥባቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ስለ ድመታቸው ያወሩኛል። አባቴን ሰው ቤት ይዤ መግባት አልችልም፤ መኪና ውስጥ ብተዋቸው ደግሞ በዚያ ሙቀት ይጠበሱብኛል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ መግቢያው ነፃ የሆነ ሙዚየም እንዳለ ያወቅሁት ያን ሰሞን ነው። ለሥዕል ፍቅር ብዬ አልነበረም የወሰድኳቸው፤ እንደ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ስለሆነና ወንበር ስላለው ነው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ አባቴ ወንበር ላይ አልነበሩም። አንዲት ትንሽ ሥዕል ላይ አፍንጫቸው ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ዘበኛዋ ከኋላቸው ቆማ እጇን ታፍተለትላለች።

"ነይ፣ ነይ፣ ይሄን ሰውዬ እይልኝ!" አሉኝ። "የኮቱን ቁልፍ እያት። ጤፍ አታክልም። ጤፏ ላይ ደግሞ ብርሃን አሳርፎባታል! በምን ብሩሽ ነው? በድመት ጺም ነው እንዴ?"

ሙዚየሙ ያን ሰሞን የዚያን ሰዓሊ ሥራ በአራት ክፍል ሰቅሎ ነበር። በየክፍሉ መግቢያ ግድግዳው ላይ የሕይወቱ ታሪክ በረጅሙ ተጽፏል። አባቴ እጄን ይዘው ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ ወሰዱኝና "አንብቢልኝ" አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ቶሎ ቶሎ እያሳጠርኩ አነበብኩላቸው፤ ስፔን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ተወለደ፣ አባትና እናቱ በልጅነቱ ሞቱበት፣ እጀ ብልህ የሆነ አያቱ አሳደገው፣ ጎበዝ ሆኖ ስለተገኘ ሮማ ሄዶ እንዲማር ተላከ።

"ሙሉ ስሙን ጥሪልኝ" አሉ። ሦስቱንም ጠራሁላቸው።

"ሦስተኛው የአያቱ ነው?"

"አዎ" አልኳቸው።

በምን አውቄ? ማንም አልነገረኝም፤ ግን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ፓስፖርቴም ላይ፣ ትምህርት ቤትም፣ ባንክም እንዲሁ ነው። አባቴ ነገሩ ልባቸውን ነካው። አያቱ አሳደገው፣ እሱ ደግሞ ስሙን ይዞለት ባሕር ተሻገረ ብለው እያደነቁ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓሊው "እስፓኙ" ሆነ፤ እቤታችን ውስጥ እንደ ሦስተኛ ሰው ይነሳ ጀመር።

በሁለተኛው ሐሙስ ሁለተኛውን ክፍል አነበብን። እስፓኙ ገና ወጣት ሳለ አገሩ ከሞሮኮ ጋር ጦርነት ገጠመችና ጦርነቱን እንዲስል ተላከ። ሄደ፤ እዚያ ግን ልቡ ከጦርነቱ ይልቅ በፀሐዩ፣ በፈረሶቹ፣ በበሮቹ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሚያወሩት ሰዎች ተወሰደ። ያዘዙት ግድግዳ የሚያህል የጦር ሜዳ ሥዕል ነበር። ዓመታት ይዞት ከረመ፤ አልጨረሰውም።

"ትእዛዝ ተቀብሎ አልጨረሰም?" አሉ አባቴ ዓይናቸውን አፍጥጠው።

"አልጨረሰም።"

"እኔ ብሆን መርካቶ በጆሮዬ ነበር የሚያንጠለጥሉኝ። ሮማ መሆኑ በጀው።"

ወደ ሌዊስቪል ስንመለስ በሠላሳ አምስት ቁጥር መንገድ ላይ አባቴ እንደ ልማዳቸው የመንገድ ዳሩን ታፔላ ሁሉ ሲያርሙ ነበር፤ ይሄኛው ፊደሉ ተጣቧል፣ ያኛው ቀለሙ ይጮሃል፣ ያ የጠበቃው ማስታወቂያ ግን እጅ አለው። በመሃል፣ ዓይናቸውን ከታፔላው ሳይነቅሉ፣ "ለመሆኑ እስፓኙ አገሩ ተመለሰ ወይስ እዚያው ሮማ ቀረ?" አሉኝ።

ጥያቄው ስለ እስፓኙ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

"ቀረ" አልኩ። ይሄ እውነት ነው። ለዘመድ ጥየቃ እየሄደ ይመለስ እንጂ ኑሮው ሮማ ነበር። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት! ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

"እንዲያውም" አልኩ፣ "አባቱን ወደ ሮማ አስመጣ።"

"አባቱ በልጅነቱ ሞተ አላልሽኝም?"

"አያቱን! አያቱን ማለቴ ነው።"

"አሃ" አሉ አባቴ። "ሽማግሌውን አመጣው በይኛ።"

አመጣው። ምን ላድርግ፣ አመጣሁት። ከዚያ ቀን በኋላ የእስፓኙን አያት ሮማ ውስጥ የማኖር ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። መጦሪያው ውስጥ በዕረፍት ሰዓቴ ሳንድዊቼን ይዤ ለአንድ የስፔን ሽማግሌ ኑሮ አደራጅ ነበር። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ሰጠሁት። ዳማ የሚጫወተው ጣሊያናዊ ጎረቤት ፈለግሁለት። መጀመሪያ ላይ ፓስታውን እንዲጠላው አደረግሁ፤ ሁሉ ነገር ቢጣፍጠው ማን ያምነኛል?

አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። "አባባ፣ አይሂዱብኝ" ማለት ለምን አቃተኝ? የሁለት ቃል ነገር ናት። ግን እኛ ቤት ነገር ፊት ለፊት አይነገርም ነበር። አባቴ ከመምጣታቸው ከአምስት ዓመት በፊት እናቴ ታመመች። እኔ እዚህ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ስደውል አባቴ ያነሳሉ። "ደህና ናት፣ ጉንፋን ነው።" ሌላ እሑድ "ደህና ናት፣ ተኝታለች።" ሌላ እሑድ "ደህና ናት፣ ጠበል ሄዳለች።" አንድ ማለዳ ሥራ ልሄድ ስዘጋጅ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በነጠላ ቆመዋል፤ መርዶ ነው። እናቴ ለስድስት ወር አልጋ ላይ ነበረች፤ በሦስተኛው ወር ትኬት ብቆርጥ ዓይኗን አየው ነበር። አባቴ በክፋት አላደረጉትም። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፣ ልጅቱ በሰው አገር ምን ትሆናለች ብለው ነው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔም አልጠየቅኋቸውም። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ አየር ጠባይ ስናወራ ኖርን። ተናድጄባቸው ነበር፤ ደግሞም ከእሳቸው ሌላ ሰው የለኝም። ሁለቱም እውነት ነው።

ወደ እስፓኙ ልመለስ። በሦስተኛው ሐሙስ ስመጣ አባቴ ሙዚየሙ ውስጥ የሉም። እየሮጥኩ መኪና ማቆሚያው ጋ ስደርስ ሒሳብ ተቀባዩ ባለባት የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሒሳብ ተቀባዩ የኛው አገር ሰው ነው፤ ጎንደር የታሪክ መምህር የነበረ፣ አምሳ ዓመት የሞላው፣ ጨዋ።

"ሲስተር፣ ዶንት ወሪ" አለኝ። "ፋዘር እዚህ ኮምፈርተብል ናቸው። ማለቴ፣ ኤሲ አለ፣ ሻይ አለ። ሶ፣ አንቺ ሥራሽን ፊኒሽ እስክታደርጊ እዚህ ይጫወታሉ። ደግሞ እጃቸው! ኦ ማይ ጋድ፣ የእጅ ጽሑፋቸውን አይተሽዋል?"

"የአባቴን እጅ ጽሑፍ የማያውቅ አዲስ አበባ ውስጥ የለም" አልኩት፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም። የሚያወራቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ተመልሰን ገባንና ሦስተኛውን ክፍል አነበብን። እስፓኙ ፓሪስ የሚኖር የሥዕል ነጋዴ አገኘ። ነጋዴው ትንንሽ፣ የሚያብለጨልጩ፣ ባለ ሐር ኮት ሰዎች የተሳሉባቸው ሥዕሎች ፈለገ፤ ሀብታም ሁሉ ተሻማባቸው። ሮማ ያለው የሥራ ቤቱ በምንጣፍ፣ በጎራዴ፣ በገንቦ ተሞላ፤ እንግዳው በር ላይ ወረፋ ይጠብቅ ጀመር። ያቺ ጤፍ የምታህለው ቁልፍ የዚያን ጊዜ ሥራ ናት። ጽሑፉ ግን መጨረሻ ላይ ሰዓሊው ይሄን ዓይነት ሥዕል እየሰለቸው እንደሄደ ይናገራል። ያንን ዘለልኩት። ሰው አገር የተቀመጠ ሰው የሚሰለችበት ክፍል አላስፈለገኝም።

"አያቱስ?" አሉ አባቴ።

"አያቱ ተመችቶታል። ፓስታውንም ለመደ።"

"በምን ለመደው?"

"በ... በርበሬ አድርጎ።"

"እስፓኝ አገር በርበሬ አለ?"

"ሞልቶ!"

"ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራ ነበር?"

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። "ምን ይሠራል፣ ያርፋል እንጂ" አልኩ። "የልጅ ልጁ ሀብታም ሆኗል። ያርፍ ነበር።"

"ያርፍ ነበር" አሉ አባቴ፣ ቀስ ብለው። "ምስኪን።"

ከዚያ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ ድል ቆጠርኩት፤ ማታ ቢጫዋ ወረቀት አጠገብ አዲስ እስክሪብቶ አስቀመጥኩላቸው።

አራተኛው ሐሙስ የአሮጊቷ ልጅ መጥታ ስለነበር ቀደም ብዬ ወጣሁ። አባቴ ሽንት ቤት ሲገቡ ጊዜ አገኘሁና የአራተኛውን ክፍል ጽሑፍ ብቻዬን ቀድሜ አነበብኩት። እስፓኙ ትንንሾቹ ሥዕሎች አንገሽግሸውት፣ ከእንግዲህ ለራሴ ነው የምስለው ብሎ፣ አንድ በጋ ቤተሰቡን ይዞ ናፖሊ አጠገብ ባሕር ዳር ተቀመጠ። ልጆቹን፣ አሸዋውን፣ ፀሐዩን ሳለ። ደስ ብሎት ነበር። ወደ ሮማ ተመለሰና በጥቂት ቀናት ትኩሳት ሞተ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የባሕር ዳሩ ሥዕል ሳይጨርሰው ቀረ።

እንግዲህ በዚህ ነው አባቴን አሜሪካ የማስቀራቸው? በሰው አገር፣ በወጣትነቱ፣ ገና ለራሱ መሥራት ሲጀምር በሞተ ሰው? አባቴ እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ መጡ። እኔም ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ማንበብ ጀመርኩ።

እስፓኙን አስረጀሁት። ፂሙን አሸበትኩት። ደቀ መዛሙርት ሰጠሁት፣ የልጅ ልጆች ሰጠሁት፣ ሮማ ውስጥ የአትክልት ቦታ ያለው ቤት ገዛሁለት። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው አመሰገኑት። እየጣመኝም ሄደ፣ ለምን እዋሻለሁ።

አባቴ አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ "አያቱስ?" አሉ።

"አያቱማ... መቶ ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው ያረፈው። በእንቅልፉ። ሕመም እንኳ አልነካውም።"

"ነፍስ ይማር" አሉ አባቴ፤ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱና ደብተር አወጡ።

ሰማያዊ የተማሪ ደብተር ናት፤ እኔ ነኝ የገዛሁላቸው፣ በረንዳ ላይ ወፍ ይሳሉባት ብዬ። ከፈቷት። አራቱም የግድግዳ ጽሑፎች በእርሳስ ተገልብጠዋል፤ ፊደሉ በፊደል፣ መስመሩ በመስመር፣ ነጥቧ እንኳ በቦታዋ። ያለ እኔ በሚቀመጡበት ሦስት ሦስት ሰዓት የሠሩት ሥራ ነው፤ የማተሚያ ቤት ጽሑፍ ነው እንጂ የሰው እጅ ነው አትሉም። ከያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ደግሞ በሌላ ሰው እጅ፣ በጠባብ የመምህር ጽሑፍ፣ የአማርኛ ትርጉሙ ሰፍሯል። የመኪና ማቆሚያው ሰውዬ!

"መቼ ነው ያስነበቡት?"

"በሦስተኛው ሐሙስ። ሻይ ስንጠጣ።"

"እና ዝም ብለው ስለ ፓስታው ጠየቁኝ?"

"ታዲያ! ሽማግሌው ፓስታ እንዴት እንደለመደ ማወቅ አልፈልግም?" ብለው ሳቁ፤ ትከሻቸው ተነቃነቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ዘበኛዋ ዞር ብላ አየችን።

ሳቃቸው ሲያልቅ ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሱና በጣታቸው የሰውዬውን ስም አሳዩኝ።

"ሦስተኛውም የአያቱ አይደለም አለኝ መምህሩ። የእናቱ ነው። እነሱ የአባታቸውንም የእናታቸውንም ስም ይይዛሉ። አንድም አይጥሉም።"

ሁለታችንም ስሙን አየን። አባቴ ደብተሩን ሳይዘጉት፣ ወደ እኔም ሳያዩ፣ "እኔም እናትሽን እንዲህ ነበር የማነብልሽ" አሉ።

ደብተሩን በአንድ በኩል ያዝኩላቸው።

"ሐኪሙ ነግሮኝ አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ። አንቺ ስትደውዪ ሌላ አነብልሻለሁ። ጉንፋን፣ ጠበል... እሷ አልጋ ላይ ሆና ትሰማኝ ነበር። አንድ ቀን 'እውነቱን ንገራት፣ ትምጣ' አለችኝ። አልነገርኩሽም። ብነግርሽ ትደርሺ ነበር።"

አምስት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነበር። እዚያው ሥዕሎቹ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። የተናደድኩትም፣ የናፈቅሁትም፣ የዋሸሁትም አንድ ላይ ወጣ። ዘበኛዋ ሶፍት አመጣችልኝ፤ ሥዕሉ ልቤን የነካው መስሏት ነበር መሰለኝ፣ "እኔንም እንዲህ ያደርገኛል" አለችኝ።

አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ። "በይ አሁን እንደተጻፈው አንብቢልኝ" አሉ። "መምህሩ አንብቦልኛል፤ ግን ካንቺ አፍ ልስማው።"

አነበብኩ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ነጋዴው፣ መሰልቸቱ፣ ባሕሩ፣ ትኩሳቱ። አያት የለም። የአትክልት ቦታ የለም። ስጨርስ አባቴ ያላለቀው ሥዕል የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝና ሄደን ፊቱ ቆምን። ሰማይና አሸዋ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ቀለም ያልደረሰው፣ በእርሳስ ብቻ የተጫረ ሰው አለ። አባቴ አፍንጫቸውን ወደዚያ ጥግ አስጠጉ።

"እነዚያ ሁሉ የደንበኛ ናቸው" አሉ። "ይሄ የራሱ ነው። ባያልቅም የራሱ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ የማውቀውን ተናገርኩ። አሁን ደግሞ አንቺ ተናገሪ።"

"አባባ፣ አይሂዱብኝ" አልኩ። "ብቻዬን መሆን መሮኛል። ከሥራ ስመጣ ቤቱ ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ መስማት እወዳለሁ። ፎርሙን ይፈርሙልኝ።"

ይሄን ያህል ቀላል ነበር። የአራት ሐሙስ ድካሜ በአራት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

አባቴ ግንባሬን ሳሙኝ። "እኔም እንደተጻፈው ልንገርሽ" አሉ። "እሄዳለሁ። እዚህ ብቀር ሥራዬ ማረፍ ነው፤ ማረፍ ደግሞ አልችልበትም። ሞት ፈርቼ አይደለም፣ ሞት የትም አለ። እዚያ ብሩሼን የሚጠብቁ አራት የሱቅ በሮች አሉ፤ ካልሄድኩ የታተመ ባነር ይለጥፉባቸዋል።"

ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ፤ ተናደድኩ። እስከ ሌዊስቪል ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ እሳቸውም አንድም ታፔላ አላረሙም። እውነት ሲነገር ሰው የሚፈልገውን ያገኛል ያለኝ ማን ነው? ፎርሙን ቢጫ ወረቀቱ እንደተለጠፈበት ቀደድኩት፤ ከዚያ ሁለት ቀን ራት ላይ ስንኮራረፍ ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን አባቴ "ይኸው፣ የሚጣላኝ ሰው አገኘሁ" አሉና ታረቅን። በወሩ መጨረሻ ሻንጣቸውን ሞልቼ፣ የብሩሽ ዓይነት ሁሉ ገዝቼ፣ አየር ማረፊያ አደረስኳቸው። እየሄዱ ነበር፣ እኔም እያለቀስኩ ነበር፣ ማናችንም ሌላ ነገር ለማስመሰል አልሞከርንም።

በመጀመሪያው እሑድ የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። መስመሩ ተንጫጫና ያዘ።

"አባባ፣ እንዴት ነዎት?"

ለዚህ ጥያቄ አገራችን ውስጥ መልሱ አንድ ነው፤ የሞተም ቢሆን "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ደህና አይደለሁም" አሉ። "ግራ ጉልበቴ አብጧል። ትናንት መሰላል ላይ ስወጣ ጭንቅላቴን አዞረኝ፤ ወርጄ ተቀመጥኩ። ማታ ማታ ያስለኛል፤ ሐኪም ማክሰኞ ና ብሎኛል፣ የሚለኝን እንዳለ እነግርሻለሁ። ከአራቱ በር ሁለቱ ላይ ባነር ለጥፈውባቸው ቆዩኝ። ከባለ ጋራዡ ጋር ተኳርፈናል። ደግሞ ናፍቀሽኛል፤ ከጉልበቴ ይልቅ እሱ ይብሳል።"

ዕድሜዬን ሙሉ ከአባቴ እንደዚያ ያለ መልካም ወሬ ሰምቼ አላውቅም።